ቄሰ ገበዝ ይርዳውና የጉሬዛ ልጆች

የቄሰ ገበዝ ይርዳውን ዕረፍት የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከሥራ ወጥቼ ወደ ቤት እየተመለስኩ ሳለ ሾፌሩ በስልክ ለሚያወራው ሰው «የድመቶቹ ቄስ ዐረፉ አሉ፤ ቀብሩ ነገ ነው» ሲል ሰማሁት። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ደብር ያገለገሉ ሰው፣ ብቅ ሲሉ ደጀ ሰላሙ ጸጥ የሚልላቸው ሰው፣ በመጨረሻው «የድመቶቹ ቄስ» ተብለው ይቅሩ?

«ለመሆኑ ታውቃቸዋለህ?» አልኩት፣ ስልኩን እስኪዘጋ እንኳ ሳልጠብቅ።

«ሲስተር ደግሞ፣ እሳቸውን የማያውቅ አለ እንዴ? እናቴ ቤት ያለችው ድመት እሳቸው የሰጧት ናት። ሲሰጧት ‹ቀስ አድርገሽ ያዣት፣ የሰው ዕቃ ናት› ብለዋት፣ እናቴ እስከዛሬ ድረስ ትስቃለች።»

ልገሥጸው ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። እንባዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ንግግራቸው በዚያ ልጅ አፍ እንዳለ ሲወጣ ሰውየው አጠገቤ የተቀመጡ ነው የመሰለኝ።

ቤቴ ከደብሩ አጥር ሥር ነው። ሥራዬ ደግሞ ሆስፒታል፣ ዓይን ክፍል፣ ነርስ ነኝ። ቄሰ ገበዝ ይርዳውን ለዓመታት የማውቃቸው እንደማንኛውም የሰፈራችን ሰው በመፍራት ነበር። ቄሰ ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት በእጁ የያዘ ካህን ነው፤ ጥላው፣ መስቀሉ፣ አልባሳቱ፣ የብራና መጻሕፍቱ ያሉበት ዕቃ ቤት ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው። ቄሰ ገበዝ ይርዳው ደግሞ ሥራውን ያለ ምሕረት ነበር የሚሠሩት። ከበሮ የሚያነሳ ዲያቆን፣ ጥላ የሚዘረጋ ጎልማሳ፣ ሻማ የምትለኩስ እናት፣ ሁሉም ከጀርባው «ቀስ፤ የሰው ዕቃ ነው» የምትለዋን ድምፅ ይሰማል። ሰው ማለታቸው ያሠሩትን፣ የሰጡትን፣ ገና የሚወለዱትንም ጭምር ነው። ያ የገባኝ ዘግይቶ ነው እንጂ መጀመሪያ ላይ ንፉግ ይመስሉኝ ነበር።

የሰው ጫማ አቀማመጥ እንኳ ያናድዳቸው ነበር። ቅዳሴ ላይ ሆነን እሳቸው በመቋሚያቸው ጫፍ በራፉ ላይ የተበታተነውን ጫማ ሲያሰልፉ ይሰማናል። ሊቆጡ ሲሉ ደግሞ መነጽራቸውን ያወልቁና በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉታል፤ መልሰው አድርገው ቀና እስኪሉ ድረስ ጥፋተኛው በልቡ ንስሐ ገብቶ ይጨርሳል። እኔም አንድ ጊዜ ግድግዳ ተደግፌ ስልኬን ሳይ አግኝተውኝ አንዲት ቃል ሳይናገሩ መነጽራቸውን ወልውለውልኛል። ከዚያ ወዲህ የትም ግድግዳ አልደገፍም።

እንዲህ ያሉት ሰው ናቸው እንግዲህ፣ አንድ የሁዳዴ ጧት ክፍላችን በር ላይ ተሰልፈው ያገኘኋቸው። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ሰልፈኛው አብዛኛው ከገጠር የመጣ ነው፤ ከድብ ባሕር የመጡ አንድ ሽማግሌ ቦታቸውን ሊለቁላቸው ተነሡ።

«ከፊት ይቅደሙ፣ አባ።»

«ተራዬን እጠብቃለሁ፣ አያ። ተቀመጥ።»

«ኧረ ጋቢዎ ይጮኻል፣ አባ» አሉ ሽማግሌው ትንሽ ቆይተው። ቄሰ ገበዙ ጋቢያቸውን ይበልጥ ሰበሰቡ።

ተራቸው ደርሶ ሲገቡ መስቀል ተሳለምኩና «የትኛው ዓይንዎ ነው የታመመው፣ አባቴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የኔ ዓይን ሸጋ ነው። የታመሙት እነዚህ ናቸው» አሉና ጋቢያቸውን ገለጡት።

አራት ግልገል ድመቶች ነበሩ፤ አንዱ ከአንዱ ላይ ተነባብረዋል። ከተወለዱ ገና ሳምንት ቢሆናቸው ነው። የድመት ልጅ ዓይኑ ሳይገለጥ እንደሚወለድ አውቃለሁ፤ የእነዚህ ግን የተከደነው ዓይናቸው እንደ ተዘፈዘፈ ሽንብራ አብጧል፣ በስንጥቁ በኩል ቢጫ መግል ወጥቶ ደርቋል።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ የሰው ሆስፒታል ነው።»

«አውቃለሁ። በሩ ላይ ‹ዓይን ክፍል› ይላል። የማን ዓይን እንደሆነ ግን አልጻፋችሁም።»

ሳቄ መጣ፤ ግን በእሳቸው ፊት ማን ይስቃል? እየቀለዱ እንዳልሆነ ፊታቸው ይናገራል። እዚያ ሆኜ ምንም ላደርግላቸው እንደማልችል፣ ከሥራ ስወጣ ግን ቤታቸው እንደምመጣ ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ያክብርሽ» ብለው ወጡ። በኮሪደሩ ሲያልፉ ሰልፈኛው መስቀል ሊሳለም ግር ሲልባቸው፣ በአንድ እጃቸው መስቀሉን እየዘረጉ በሌላው የጋቢያቸውን እብጠት ከግፊያው ሲከላከሉ አየኋቸው።

ቤታቸው ከደብሩ በታች ያለች ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ናት። ባለቤታቸው እትዬ የሺ በር ላይ ተቀበሉኝ፤ አጭር፣ ቀልደኛ፣ ባላቸውን ከማይፈሩ ጥቂት ሰዎች አንዷ ናቸው። «ነይ ግቢ፤ መምሬ በስተርጅና አራስ ሆነውልሻል» አሉኝ። ቄሰ ገበዙ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ድመቶቹ አንድ ወገን ቆዳው የተቀደደ አሮጌ ከበሮ ውስጥ በቡትቶ ተጠቅልለው ተኝተዋል።

የሰው እንጂ የእንስሳ ዓይን ስለማላውቅ እንስሳት ሐኪም የሆነ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ለመስክ ሥራ ዛሪማ ወርዶ ነበርና መስመሩ እየተቆራረጠ ነው ያወራነው። ለአራስ ሕፃን የምናዘውን የዓይን ቅባት እንድጠቀም ነገረኝ፤ በጣም በትንሹ። ከዚያ በፊት ግን መግሉ መውጣት አለበት፤ የተከደነ ዓይን ውስጥ መግል ከቆየ ዓይኑን ይበላዋል። እንዲሞቃቸው፣ ወተትም በየሰዓቱ በትንሽ በትንሹ እንዲያገኙ አሳሰበኝና መስመሩ ጠፋ።

ውኃ አፍልተን ለብ እስኪል አቀዘቀዝን። ቄሰ ገበዙ ጥምጥማቸውን ፈትተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ጥጡ በለብታው ውኃ ይነከርና ዓይኑ ላይ ይያዛል፤ አይታሽም። የደረቀው ሲለሰልስ ከአፍንጫ ወደ ውጭ ይጠረጋል፤ ለእያንዳንዱ ዓይን ሌላ ጥጥ። የዓይኑ ሽፋን ትንሽ ሲከፈት መግሉ ይወጣል፤ ከዚያ ቅባቱ። የመጀመሪያውን እኔ ሠራሁና ሁለተኛውን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ሰፋፊ እጆቻቸው ድመቷን ሲቀበሏት እንደማይንቀጠቀጡ ሳይ ገረመኝ። የከበረ ነገር በመያዝ የኖሩ እጆች ናቸው።

«ጥጡ ምን ያህል ይቆያል?» አሉኝ።

«አምስት ደቂቃ ያህል።»

«ሰዓት የለኝም። በጸሎት ስንት ነው?»

እንደዚያ ተጠይቄ አላውቅም። ስልኬ ላይ ደወል ሞላሁ፤ እሳቸው የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በለሆሳስ ማድረስ ጀመሩ፤ ሲጨርሱ ደወሉ ጮኸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የድመቶቹ ዓይን በውዳሴ ማርያም ልክ ሆነ የሚያዘው። እትዬ የሺ «እነዚህ ሲያድጉ ዲያቆን ካልሆኑ ምን አለ በይኝ» አሉ።

ዕቃዬን ሰብስቤ ስነሣ እናታቸው የት እንዳለች ጠየቅኩ። እትዬ የሺ ፊታቸውን አዞሩ። ቄሰ ገበዙ ግን ጥያቄውን ሲጠብቁት እንደቆዩ ሁሉ ወዲያው መለሱልኝ።

«ገደልኳት» አሉ።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ አይጥ በዝቶ የአንድ ብራና መጽሐፍ ጠርዝ በልቶ ነበር። ተቆጡ፣ ከገበያ የአይጥ መርዝ አስመጡና በየጥጉ አኖሩ። ጉሬዛ የምትባል ጥቁርና ነጭ ድመት በዕቃ ቤቱ መስኮት ስትገባና ስትወጣ ያዩዋታል፤ ማንም አላመጣትም፣ ማንም አላባረራትም። መርዙን እሷ እንደማትነካው ገምተው ነበር። የበላውን አይጥ ግን በላች። በማግስቱ ጧት የመጻሕፍቱ ሣጥን ሥር ወድቃ አገኟት። ከቀበሯት በኋላ ነው ከአሮጌው ከበሮ ውስጥ የልጆቿን ድምፅ የሰሙት። መውለዷን እንኳ አያውቁም ነበር።

«ብራናውን ላድን ብዬ የብራናውን ጠባቂ ገደልኩ» አሉኝ። «ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። እሱ ሳቀ። ‹ለድመት የምሰጥህ ቀኖና የለኝም፤ እግዚአብሔር ይፍታህ› አለኝ። ፈታኝ። እግሬ ግን መቅደስ አልገባ አለኝ፣ ልጄ። ደጅ ቆሜ አስቀድሳለሁ፤ ገብቼ አልቀድስም። እነዚህ ብርሃን እስኪያዩ ድረስ።»

«ባያዩስ፣ አባቴ?»

መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ። መልሰው ሲያደርጉት ግን ቀና ብለው አላዩኝም። ቄሰ ገበዝ ይርዳው አጎንብሰው ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ለአንድ ካህን ከመቅደስ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ከደብር አጥር ሥር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የእነዚያ ድመቶች ዓይን ለእኔም የሥራ ጉዳይ መሆኑ ቀረ።

ከሥራ መልስ በየቀኑ ጎራ ማለት ጀመርኩ። ዓይናቸው እየተሻለው፣ እብጠቱም እየሟሸሸ ነው፤ እነሱ ግን ከቀን ወደ ቀን ይመነምናሉ። ሆዳቸው ተነፍቷል፣ ድምፃቸው ሰልሏል። አንድ ምሽት ስደርስ አንደኛው ሞቶ አገኘሁት። ቄሰ ገበዙ በትንሽ ጨርቅ ጠቅልለውት ጭናቸው ላይ ይዘውታል። እትዬ የሺ ደግሞ ለቀሩት ወተት ሊያጠጡ ጥጥ ጽዋ ውስጥ እየነከሩ ነበር። ጽዋውን ተቀብዬ አሸተትኩት። ሽታው የወተት አይደለም።

«እትዬ የሺ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሱፍ ነዋ» አሉኝ። «አመስ አድርጌ፣ ፈጭቼ፣ በነጠላ አጥልዬ። ለሕፃን ብዬ ቀጠን አድርጌዋለሁ። ምነው፣ ወፈረ እንዴ?»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላውቅም። ለካ እነዚያ የእናት ወተት የሚያስፈልጋቸው ፍጥረቶች የሰነበቱት በጾም መጠጥ ነው።

«እትዬ የሺ፣ ድመት እኮ አይጾምም።»

«እሱስ አይጾምም» አሉ በትዝብት። «ቤቱ ግን ይጾማል።»

እውነታቸውን ነው። ሁዳዴ ሲገባ የዚያ ቤት ዕቃ በአመድ ይታሻል፤ ወተትና ቅቤ የነካው ሁሉ ታጥቦ ይሰቀላል፤ ለትንሣኤ ካልሆነ አይወርድም። አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም፤ ሌላ ወተት ከቤታቸው ደጅ ሊገባ እንደሚችል ብቻ ትዝ አላላቸውም። ባልና ሚስት ተያዩ። ቄሰ ገበዙ የሞተውን ልጅ ቀስ ብለው አስቀመጡትና ተነሡ፤ ጥምጥማቸውን አሰሩ፣ መስቀላቸውን ያዙ።

«ጠርሙስ ስጪኝ፣ የሺ።»

የሄዱት ከመንገዱ ማዶ እትዬ ዘይነብ ቤት ነው፤ እኔም ተከተልኳቸው። እትዬ ዘይነብ ፍየል የሚያረቡ የሰፈራችን ሙስሊም ናቸው። በር ላይ ካህን ከነመስቀሉ ቆሞ ሲያዩ ደንግጠው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ዘይነብ፣ ወተት ፈልጌ ነው።»

«ወተት? ምነው አባ፣ በጾማችሁ?»

«ለኔ አይደለም።»

«ለርስዎስ ቢሆን እኔ ምን አገባኝ» አሉ እትዬ ዘይነብ፤ የነገርየው አስቂኝነት ኋላ ነው የገባቸውና አፋቸውን ያዙ። ለድመቶቹ መሆኑን ስነግራቸው ግን ጠርሙሱን ከቄሰ ገበዙ እጅ ነጥቀው ፍየሏ ሥር ቁጢጥ አሉ። «እናት ለሌለው ምን ይጠየቃል? ማታም ጧትም ይምጡ» አሉ እያለቡ።

ጧትም ማታም ሄዱ። እትዬ የሺ «ኧረ መምሬ፣ በጋቢዎ ሸፍነው ይያዙት፤ ሰው ምን ይላል?» ብለው ለመኗቸው። «ምን ሰረቅኩ?» አሉ። ነጩን ጠርሙስ በአደባባይ ይዘው፣ በሁዳዴ፣ ከቅዳሴ በሚመለሰው ሰው መሐል ያልፋሉ። እኔ ብሆን በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

ሰው ደግሞ የታወቀ ነው፣ የሚለውን አለ። ቄሰ ገበዙ መቅደስ አይገቡም፤ ወተት ይዘው ይታያሉ፤ ሁለቱን ደምሮ ውጤቱን ማውጣት ቀላል ነው። ጾም ገደፉ ተባለ። ታገዱ ተባለ። እትዬ የሺ በየደጁ «የድመቷ ልጅ እጃቸውን ቧጥጣቸው ነው፤ ደም ፈሶት ካህን ይገባል እንዴ?» እያሉ ይከራከራሉ። ቄሰ ገበዙ ይህን ሲሰሙ «አትዋሺልኝ» ብለው ተቆጧቸው። በመጨረሻ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጠራቸው።

እኔም የጉባኤው አባል ስለነበርኩ እዚያ ነበርኩ። ሰብሳቢው አቶ ሙሉጌታ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ አጀንዳ ግን ይወዳሉ። ጥቁር ሱፍ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ምእመናን መሰናከላቸውን፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ለሌላ ካህን ቢሰጥ እንደሚሻል ተናገሩ። ቄሰ ገበዙ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ አዳመጧቸው። ልናገርላቸው ስነሣ በዓይናቸው ከለከሉኝ።

«ጨረስክ፣ ልጄ?» አሉ አቶ ሙሉጌታን።

«ጨርሻለሁ፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ሰዓታቸው ደርሷልና ይችን ያዝልኝ።» ከጋቢያቸው ውስጥ አንዲት ጥቁር ግልገል አውጥተው እጃቸው ላይ አኖሩባቸው። አቶ ሙሉጌታ ሊጥሉ ምንም አልቀራቸውም። «ቀስ! የሰው ዕቃ ናት» አሉ ቄሰ ገበዙ። ከወዲያኛው ኪሳቸው ፔርሙዝና ጥጥ አወጡ፣ ጥጡን ነከሩ፣ ዓይኗ ላይ ያዙና ውዳሴ ማርያሙን ጀመሩ።

ጸሎት ሲጀመር ተቀምጦ የሚቀር የለም። ልማድ ነውና ሁላችንም ብድግ አልን። የጉባኤው አባላት በሙሉ፣ ሊከሱ የመጡትም ጭምር፣ ቆመን አንገታችንን ደፍተን፣ ቄሰ ገበዝ ይርዳው የድመት ዓይን ሲያጥቡ ጸሎቱን እስከ መጨረሻው አደረስን። ቅባቱን አድርገው ጨረሱና ያን ጊዜ ብቻ ተናገሩ።

«የዚችን እናት እኔ ነኝ የገደልኳት። ልጆቿ እስኪያዩ ድረስ አልቀድስም። ወተቱ የነሱ ነው። ቁልፉን ከፈለጋችሁ ውሰዱት፤ እነሱን ግን አልሰጥም።»

አቶ ሙሉጌታ ድመቷን እንደያዙ ቀሩ። የኮታቸው እጅጌ ላይ መግል ፈሷል፤ አላዩትም፣ ወይም አይተው ዝም አሉ። «አጀንዳው ተዘግቷል» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አባቴ፣ ይህች ምስኪን ታያለች?» ብለው ጠየቁ።

«እሱን ነው እኔም የምጠብቀው» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የሰፈሩ ወሬ ተገለበጠ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ሁሉ «ዛሬስ?» ብሎ ይጠይቃል። እትዬ ዘይነብ ወተቱን ራሳቸው ያመጡ ጀመር። ከሦስቱ አንዱ ግን ሱፉ ጎድቶት ኖሮ አልተረፈም፤ ለእሱም እንደ ወንድሙ አለቀስን፤ እኔ አልቅሻለሁ፣ አልደብቅም። ከቀሩት ሁለቱ ወንዱ ዳነ። ዓይኖቹ ሙሉ በሙሉ ተገለጡ፤ ጤናማ፣ ጥርት ያሉ። ከከበሮው ወጥቶ የእትዬ የሺን ጥጥ መበተን ጀመረ።

«እንግዲህ አንዱ አየ፣ አባቴ» አልኳቸው። «ይበቃል። ይግቡ።»

«እሷስ?»

እሷ እናቷን የምትመስለው ጥቁሯ ናት። አንደኛው ዓይኗ እኛ ከመድረሳችን በፊት ፈሶ ነበርና ሟሽሾ ተከደነ፤ እሱ ላይ ተስፋ እንደሌለን ነግሬያቸው ነበር። ሁለተኛው ተገለጠ፤ ግን ብሌኑ ላይ ጉም የመሰለ ነጭ ነገር አለበት። ጓደኛዬ ከዛሪማ ሲመለስ መጥቶ አያት። ሊጠራ ይችላል፣ ላይጠራም ይችላል፤ ቅባቱን አታቋርጡ አለ። ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም። ቄሰ ገበዙም አላቋረጡም። ጧት ወደ ደብሩ ይሄዳሉ፣ ደጅ ቆመው ያስቀድሳሉ፣ ተመልሰው ጥጥ ይነክራሉ። ፊታቸው ከጾሙና ከጭንቀቱ የተነሣ ገርጥቷል። ሁዳዴ እያለቀ ሲመጣ፣ ትንሣኤንም ደጅ ቆመው ሊያሳልፉት ነው ብዬ በልቤ ተቆጥቼ ነበር። በማን ላይ እንደተቆጣሁ አላውቅም።

የሆሣዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። እትዬ የሺ ደጃፉ ላይ ለነገ የሚታሰር ዘንባባ እየሰነጠቁ ነው። ቄሰ ገበዙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥቁሯ ጭናቸው ላይ ናት። ዓይኗን አጥበው መጨረሳቸው ነበር። ስለ ሥራ፣ ስለ ሙቀቱ እያወራን ሳለ አንዲት ዝንብ መጥታ ጉልበታቸው ላይ ዐረፈች። ድመቷ ራሷን ዘወር አደረገች። ወገቧን ዝቅ፣ መቀመጫዋን ነቅነቅ አደረገችና ዘለለች። ዝንቧ አመለጠች፤ ድመቷ ከጉልበታቸው ተንከባልላ ሣሩ ላይ ወደቀች።

ሦስታችንም ወደ እሷ ዞርን።

«ድምፁን ሰምታ ይሆናል» አሉ ቄሰ ገበዙ። እንዳያምኑ ራሳቸውን ሲይዙ ይታወቃል። «ዝንብ ድምፅ አላት።»

እኔም ፈርቼ ነበር። ከእትዬ የሺ ጭን አንድ ቀጭን የዘንባባ ስንጥር አነሣሁና ድመቷ ፊት ተንበረከክኩ፤ ሣሩን ሳልነካ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ በጤናማው ዓይኗ አንጻር ቀስ እያልኩ ወደ ግራ ወሰድኩት። ራሷ ተከተለው። ወደ ቀኝ መለስኩት፤ ተከተለው። ወደ ላይ ሳነሣው በሁለት እግሯ ቆማ ልትይዘው እጇን ሰነዘረች። ዓይኗን ቀርቤ አየሁት። ጉሙ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ከመሐሉ ግን ጥቁር ብሌኗ ወጥቷል።

«ታያለች፣ አባቴ» አልኳቸው። «በአንድ ዓይኗ ነው። ግን ታያለች።»

ቄሰ ገበዝ ይርዳው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። እንደ ልጅ፣ በድምፅ፣ መንገደኛ ይሰማኛል ሳይሉ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ድመቷ ስንጥሩን ከእጄ ነጥቃ እየጎተተች ሄደች። ብዙ ቆይተው ፊታቸውን ጠረጉ።

«የሺ፣ ነገ እገባለሁ» አሉ። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ደነገጡ። «ምነው ትናንት ባወቅነው ኖሮ። ነጩ ቀሚሴ ወሩን ሙሉ ሳይታጠብ ከረመ፤ ዛሬ ደግሞ ሰንበት ነው።»

እትዬ የሺ ከዘንባባው ቀና አላሉም።

«ታጥቧል» አሉ።

«መቼ?»

«በየዓርቡ ሳጥበው ነው የከረምኩት።»